«አጥበህ ብላ» ምርመራ አይደለም

ቲማቲም ስገዛ ቆዳው ላይ ነጭ ብናኝ ደርቆ አያለሁ። ሻጯ በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርጋ «መድኃኒት ነው፣ ሲታጠብ ይለቃል» ትለኛለች። በእሷ አልፈርድም፤ የሰማችውን ነው የነገረችኝ። የሚያናድደኝ ይህንኑ ምክር የተማረው፣ ባለሙያውም ጭምር እንደ መፍትሔ ሲደግመው ነው።

ብናኙ ብዙ ጊዜ ማንኮዜብ የተባለው ፀረ ፈንገስ ነው። ላይ ላዩን ስለሚቀመጥ እጥበት ይቀንሰዋል። ከእሱ ጋር ተቀላቅሎ የሚሸጠው ሜታላክሲል ግን ተክሉ ውስጥ ይሰርጋል፤ የተሠራውም ለዚያ ነው። ኮምጣጤም ጨውም ከዚያ አያወጣውም። ስንት እንደቀረ በዓይን አይታይም፤ ቲማቲሙ ተፈጭቶ ላቦራቶሪ መግባት አለበት።

ምርመራን የማናውቅ ሆነን አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን በቡናችን ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት ስታገኝ ነገሩ የአገር ጉዳይ ሆነ፤ ቅሪቱ ከጆንያው መጥቶ ይሆናል እስከ መባልም ተደረሰ። አውሮፓ የሚላክ ፎሶሊያም የተለየ ገደብ ያልወጣለት ኬሚካል በኪሎ ከ0.01 ሚሊግራም በላይ ከተገኘበት ገበያው ይዘጋበታል። ለውጭ በላተኛ ይህን ያህል ከተጠነቀቅን፣ ለገዛ ልጆቻችን ሰላጣ ለምን የቧንቧ ውኃ ብቻ ይበቃል እንላለን?

የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ከወጣ ቆይቷል። መዝግቦ ማስገባት አንድ ነገር ነው፤ መቂና ዝዋይ ማሳ ላይ የሚሆነው ሌላ። ቱታ አብሶሉታ የምትባለው የእሳት ራት ከገባች ወዲህ የቲማቲም ገበሬ መርጫውን ከትከሻው አያወርድም። ደላላው ደውሎ «ነገ መኪና ይመጣል» ካለው፣ ትናንት ረጭቶም ቢሆን ይለቅማል። ከርጭት እስከ ለቀማ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት የመድኃኒቱ ዕቃ ላይ ተጽፏል። ግን ማን ይጠይቀዋል? ቢቆይ የሚበላሸው የራሱ ምርት፣ የሚያመልጠው የራሱ ገዢ ነው።

«ምርመራ ውድ ነው» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ውድ ነው። ሣጥኑ ሁሉ ይመርመር አላልኩም። ሌሊት አትክልት ተራ ከሚያራግፉት መኪኖች ከጥቂቶቹ ናሙና ይወሰድ፤ ውጤቱም ከየት አካባቢ እንደመጣ ተጠቅሶ በሬዲዮ ይነገር። ገበሬውን ይጎዳል የሚሉም አሉ። ጠንቃቃውን ገበሬ የሚጎዳው ግን አለመመርመሩ ነው፤ ዛሬ ቀኑን ጠብቆ የለቀመውና ትናንት የረጨው ቲማቲማቸውን አንድ መኪና ላይ ጭነው፣ በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ።