ሳንጠየቅ መደመር አንድነት አይባልም!

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል ያገራችን ሰው። እውነት ነው፤ የሚከራከር የለም። ጉራጌማ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ዕቁብ ጥሎ ሱቅ የከፈተ፣ በዕድር ወዳጅ ዘመዱን በክብር የቀበረ፣ በንጉሡ ዘመን «መንግሥት ይሥራልኝ» ብሎ እጁን ሳያጣጥፍ ከኪሱ አዋጥቶ ያገሩን መንገድ ያስወጣ ሕዝብ የአንድነት ስብከት አያስፈልገውም።

ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ዕቁብ የሚገባ ሰው ዳኛው ማን እንደሆነ፣ ስንት እንደሚጥል፣ ዕጣው በየስንት ጊዜው እንደሚወጣ አውቆና ወድዶ ነው የሚገባው። አንድ ቀን ጠዋት ሱቁን ሲከፍት «ትናንት ማታ ዕቁብ አስገብተንሃል፤ በል ክፈል» የሚል ሰው ደጁ ላይ ቢያገኝ ምን ይለዋል? የዕቁብ ዳኛ እንደማይለው እርግጠኛ ነኝ።

ውድ አንባቢያን፣ በወልቂጤና በቡታጅራ ሰው ላይ የደረሰውም ከዚህ የራቀ አይደለም። ነሐሴ 13 ቀን 2015 ዓ.ም. «ማዕከላዊ ኢትዮጵያ» የሚባል ክልል ተመሠረተ። ጉራጌ፣ ምሥራቅ ጉራጌ፣ ሀዲያ፣ ስልጤ፣ ከምባታ፣ ሀላባና የም ዞኖች፣ ቀቤና፣ ማረቆና ጠምባሮ ልዩ ወረዳዎች ሆነው በአንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ ወይ? አልሰጠም። የቀድሞው ደቡብ ክልል ሌሎች ልጆች በየተራ ወጥተው ሄዱ፤ የቀረነው ቤቱ ውስጥ እንደተቀመጥን በሩ ላይ የተለጠፈው ስም ተቀየረ። ይኸው ነው!

ሕጉ ምን ይላል?

እንዲያው በስሜት እንዳንነዳ ሕገ መንግሥቱን እንግለጥ። አንቀጽ 8 ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የሉዓላዊ ሥልጣን ባለቤቶች ናቸው ይላል። አንቀጽ 47 ደግሞ እያንዳንዳቸው በማናቸውም ጊዜ የራሳቸውን ክልል የማቋቋም መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አካሄዱንም ቁጭ አድርጎታል። መጀመሪያ የብሔረሰቡ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናል፤ ጥያቄው በጽሑፍ ለክልሉ ምክር ቤት ይቀርባል፤ የክልሉ ምክር ቤት በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል፤ አብላጫው ድምፅ ይጸናል። ይህን የጻፈው ሌላ ማንም አይደለም፤ መንግሥት ራሱ የማለበት ሰነድ ነው።

የጉራጌ ዞን ምክር ቤት በህዳር 2011 ዓ.ም. በክልል የመደራጀት ጥያቄውን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። ከዚያ አንድ ዓመት ቆጠርን። ልክ ዓመቱ ሲሞላ፣ ህዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። የት? ሲዳማ። ደስ ይበላቸው፤ መብታቸው ነው፤ ከ98 በመቶ በላይ ድምፅ ሰጥተው ክልል ሆኑ። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ሕዝቦች ተጠየቁ። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋ፣ ጌዴኦና ሌሎቹ ተጠየቁ፤ ወላይታ ላይ ድምፅ አሰጣጡ ተበላሽቷል ተብሎ በሰኔ ደግሞ ተደገመ። ለነሱ ሁለት ጊዜ ኮሮጆ ሲወርድ ለኛ አንድም ጊዜ አልወረደም። ለመሆኑ ልዩነቱ ምንድን ነው? በኛ ዘንድ አንቀጽ 47 ገጹ ተቀዷል ወይ?

ደግሞስ ዝም ብለን ነበር እንዳይባል! ክላስተር የሚሉት አደረጃጀት በ2014 ዓ.ም. ሲመጣ የሌሎቹ ዞኖች ምክር ቤቶች እያጨበጨቡ አሳለፉት። የጉራጌ ዞን ምክር ቤት ግን ነሐሴ 5 ቀን 2014 ዓ.ም. ተሰብስቦ 52 ለ40 በሆነ ድምፅ አልቀበልም አለ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች በገዢው ፓርቲ የተመረጡ የገዢው ፓርቲ ሰዎች ናቸው። በፓርቲያቸው ፊት እጃቸውን አውጥተው «አይሆንም» ማለት በዚህ አገር ቀላል ነገር አይደለም። በዚያው ሳምንት ወልቂጤን ጨምሮ የዞኑ ከተሞች ሱቃቸውን ዘግተው ቤታቸው ዋሉ። ነጋዴ ሕዝብ ሱቁን በፈቃዱ ሲዘጋ ከዚያ በላይ ምን ብሎ ይናገር? የዕለት ጉርሱን ነው መልእክት አድርጎ የላከው።

መልሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ሆነ። በዓመቱ አልቀበልም ያልነው ነገር መጠሪያችን ሆኖ መጣ።

የውሀው ነገር

ሉዓላዊነት ሲባል አንዳንዱ ሰው ባንዲራና የምክር ቤት አዳራሽ ብቻ ይመስለዋል። በኔ እምነት ሉዓላዊነት ማለት ቧንቧህ ሲደርቅ ማንን እንደምትጠይቅ ማወቅ፣ የጠየቅኸው ሰው ካልሠራ ደግሞ ማንሣት መቻል ነው። የካቲት 8 ቀን 2015 ዓ.ም. የወልቂጤ ሰው ባዶ ጀሪካን ይዞ አደባባይ ወጣ። «ክልል ስጡን» አላለም በዚያ ቀን፤ «ውሀ ስጡን» ነው ያለው። የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱ። ቢያንስ 3 ሰው ሞተ፤ ብዙ ሰው ቆሰለ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ይህንኑ አረጋግጦ መግለጫ አውጥቷል። ውሀ የጠየቀ ጥይት የሚጠጣበት ከተማ ውስጥ ሥልጣኑ የማን እንደሆነ ለማወቅ ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም።

አሁን ያለው ክልል ይህን ያቃልለዋል ወይ? ቢሮዎቹን በየከተማው በትኗቸዋል። ዋናው አስተዳደር ሆሳዕና ነው፤ የቀረው ወልቂጤ፣ ቡታጅራ፣ ወራቤ፣ ዱራሜና ሌላም ቦታ ተከፋፍሏል። ማንም እንዳይከፋው ለሁሉም ቁራሽ ደረሰው። መልካም ሐሳብ ሊመስል ይችላል። አንድ ወረቀት ለማስፈረም ግን ባለጉዳዩ አንዱ ቢሮ አንዱ ከተማ፣ ሌላው ቢሮ ሌላ ከተማ እየሆነበት የመኪና ሲሳይ ሆነ። ወልቂጤ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ እየጠጣን ያነጋገርኳቸው አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ድሮ ሀዋሳ ሂድ ስንባል አንድ መንገድ ነበር ያለን፤ አሁን ስድስት ሆነልን» ብለው ስቀው አስቀውኛል።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን ግን የሌላውን ወገን ክርክርም ልናገር። ሆሳዕና ከሀዋሳ ይቀርባል፤ ሐቅ ነው። እያንዳንዱ ዞን ክልል ልሁን ካለ ደመወዙ፣ መኪናው፣ ካቢኔው በማን ገንዘብ ይሸፈናል የሚለውም ተገቢ ጥያቄ ነው። ቡታጅራ ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ምሥራቅ ጉራጌ ዞን ሲቋቋም ቡታጅራ የዞን ዋና ከተማ ሆናለች። እስከዚያ ድረስ ለዞን ጉዳይ ወልቂጤ ይመላለስ የነበረው የመስቃንና የሶዶ ሰው «ቢሮው ደጄ መጣልኝ» ቢል አልፈርድበትም። የወልቂጤ ሰው «ከፋፈሉን» ሲል የቡታጅራ ሰው «ቀረቡልን» ይላል። ሁለቱም የጉራጌ ድምፅ ነው። ታዲያ የትኛው ይበልጣል? ይህን የሚለካው አንድ ሚዛን ብቻ ነው፤ እሱም የድምፅ ኮሮጆ!

ለራስ የሚፈልጉትን ለጎረቤት

አንድ መራራ ነገር ደግሞ ለራሳችን ሰዎች መናገር አለብኝ። ስልጤ በ1993 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ «እኔ ስልጤ ነኝ» ብሎ የራሱን ዞን ሲያቋቁም ብዙ ጉራጌ አዝኖ ነበር። ዛሬ ዘወር ብለን ስናየው ተጠይቆ፣ መልስ ሰጥቶ፣ በጉርብትና የቀጠለ ሕዝብ ነው። በአንጻሩ መስቃንና ማረቆ መካከል ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የፈሰሰውን ደም ሁላችንም እናውቃለን። ቀቤናም ማረቆም ዛሬ ልዩ ወረዳ ናቸው። «እኛን ጠይቁን» የምንል ሰዎች «እነሱ መጠየቅ የለባቸውም» ካልን ከሚገዙን በምን ተሻልን? የጉራጌ ክልል የሚመሠረት ከሆነ የቀቤናና የማረቆ መብት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጽሑፍ መረጋገጥ አለበት። መብት የሚባለው ነገር ለራስ ብቻ ሲሆን ስሙ ስግብግብነት ይሆናል።

እስቲ ደግሞ ወደ ሰለጠነው ዓለም እንመልከት። አውሮፓውያንም ይህንኑ ክርክር ሲከራከሩ ኖረዋል፤ ምን ያህሉን ሥልጣን ለራሳችን እናስቀር፣ ምን ያህሉን ለኅብረቱ እንስጥ ይላሉ። እነሱም መሥሪያ ቤታቸውን ብራስልስ፣ ስትራስቡርግና ሉክሰምበርግ ላይ በትነው ፓርላማቸው ሻንጣ እየሸከፈ ይመላለሳል። የኛ ክላስተር እዚህ ላይ ያው ነው። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የማስትሪክት ውል ለዴንማርክ ሕዝብ ሲቀርብ 50.7 በመቶው «አይሆንም» አለ። በግማሽ በመቶ ጥቂት ተሻግራ ያለፈች ድምፅ መላ አውሮፓን አስቆመች! ታንክ አልላኩባትም። ተነጋገሩ፤ ዴንማርክ በገንዘብና በመከላከያ ጭምር አራት ጉዳዮች ላይ የራሷን መንገድ እንድትይዝ ተፈቀደላት፤ በዓመቱ ሕዝቡ እንደገና ተጠይቆ 56.7 በመቶው «ይሁን» አለ። እንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 በ51.9 በመቶ ልውጣ ብላ በ2020 ወጣች። ጠቀማት ጎዳት ራሷ ትወቀው። ዋናው ነገር የዴንማርክ «እሺ» ዋጋ ያገኘው «እምቢ» ማለት ስለምትችል ነው። እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺ ቢል ምን ዋጋ አለው?

የውጭውን ትተን የራሳችንን እንይ። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ተቀላቀለች፤ በ1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈረሰ፤ ሕዝቡ በኮሮጆ አልተጠየቀም። የከፈልነውን 30 ዓመት ጦርነት ታሪክ ይመስክር። ጉራጌ አልገንጠል አላለም፤ ከሞያሌ እስከ መቀሌ ሱቅ ያለው ሕዝብ መገንጠል ምን ይፈይድለታል? ትምህርቱ ግን ለሁሉም አንድ ነው። ያልተጠየቀ አንድነት ፀንቶ ያለ የሚመስለው የሚፈርስበት ቀን እስኪደርስ ብቻ ነው። ከ1984 ዓ.ም. በኋላ ከ7 እስከ 11 ቁጥር የነበራቸው አምስት ክልሎች ሕዝብ ሳይጠየቅ «ደቡብ» ተብለው ተጨፍልቀው ነበር። ዛሬ ያ ደቡብ የት አለ? አራት ቦታ ተበትኖ አየነው። ያንኑ ስህተት በትንሽ ድስት ደግሞ ማብሰል ለምን አስፈለገ?

አብሮ መኖር እንዴት እንደሚሆን ማየት የፈለገ ባለሥልጣን ከላንድክሩዘሩ ይውረድና በጉራጌ መንደር ጀፎረ ላይ ይቁም። ያ ሰፊ አረንጓዴ ጎዳና የሁሉም ነው። ሠርግ ይደገስበታል፣ ለቅሶ ይቀመጡበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል፤ ማንም አርሶ ለብቻው አያደርገውም። ግራና ቀኝ ግን እያንዳንዱ ቤት አጥር አለው፤ ከአጥሩ ውስጥ ያለውን እንሰት ማንም ሳይጠይቅ አይነካም። ሰባት ቤት ጉራጌ በየጆካ ሸንጎ ሲዳኝ የኖረው ቸሃ እዣን ውጦ፣ እነሞር ጉመርን አጥፍቶ አይደለም። ሁሉም በየስሙ መጥቶ፣ ተከራክሮ፣ ተስማምቶ ነው። የጋራው የጋራ፣ የግሉ የግል! አባቶቻችን ያለ ብራስልስ አማካሪ ይህን ያውቁ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄያችን አጭር ነው። አንደኛ፣ በህዳር 2011 ዓ.ም. ለቀረበው ጥያቄ መንግሥት በጽሑፍ፣ በምክንያት፣ በአደባባይ መልስ ይስጥ። ሁለተኛ፣ ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ ያለው ሕዝብ «የራሴ ክልል» እና «አሁን ባለሁበት» የሚል ሁለት ምርጫ ያለው ወረቀት ይሰጠው፤ በዚያው ጊዜ የቀቤናና የማረቆ ሕዝብም ስለ ራሱ ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ ጠየቅህ ተብሎ ማንም አይታሰር፣ ማንም አይገደል።

እኔ ጋዜጠኛ ነኝ እንጂ የክልል አስመላሽ ኮሚቴ አባል አይደለሁም። ሕዝቡ ተጠይቆ «ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ይበቃኛል» ካለ ይህንኑ በትልልቅ ፊደል እጽፋለሁ፤ ማንም ካድሬ ሊከራከርበት የማይችል ክልል ያን ጊዜ ይኖራቸዋል። ሕዝቡ እሺ ይላል ብለው የሚያምኑ ከሆነ ኮሮጆውን ምን አስፈራቸው?