የባሌ ትራውት «ብርቅዬ» አይደለም

የባሌ ትራውት ፎቶ እየለጠፋችሁ «ብርቅዬ ዓሣችን» የምትሉ ልጆች፣ ኧረ ተዉ! ብርቅዬ ማለት ሌላ አገር የማይገኝ ነው ብዬ አላስተማርኳችሁም? ቡናማው ትራውት ዘሩ ከአውሮፓ፣ ባለ ቀስተ ደመናው ከሰሜን አሜሪካ ነው፤ ዌብ ወንዝ የገባው ሰው በኬንያ በኩል አምጥቶ ለቆት ነው።

«ክንፉ ሙሉ ስለሆነ የዱር ነው» የሚለውንም ክርክር አየሁት። እውነት ነው፣ በሲሚንቶ ገንዳ ተጨናንቆ ያደገ ዓሣ ክንፉ ተፋትጎ ያጥራል። ሙሉ ክንፍ ግን ወንዝ ውስጥ ማደጉን ይናገር እንደሆነ እንጂ አገሩን አይናገርም። የዱርና የአገር በቀል ለየቅል ናቸው።

አጥምዳችሁ ብትበሉት አልቃወምም፣ ይጣፍጣል (አጥንቱም አያስቸግርም)። ግን አዳኝ ነው፤ የወንዙን ነፍሳት ይለቅማል፣ ትንንሽ ዓሣ ካገኘም አይምርም። ባሌ ደግሞ የትም የሌሉ እንቁራሪቶች አሏት። እስኪ የእነሱን ፎቶ የለጠፈ አለ?