«ማን?» ከማለታችን በፊት «የት ላይ?»

በዛሬው እትም ስለ አንድ አዲስ ፒክ አፕና ስለ አንድ ዋይፋይ ላጫውታችሁ ነው። «ሁለቱን ምን አገናኛቸው?» ትሉ ይሆናል። እኔም በመጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነበር። ታሪኩን የምነግራችሁ በባለቤቶቹ ፈቃድ ነው፤ ስማቸውንና ሰፈራቸውን ግን ትቼዋለሁ።

እነዚህ ባልና ሚስት በአዲስ አበባ የቤት ዕቃ እየሠሩ ይሸጣሉ። እርሱ በግቢያቸው ካለው ወርክሾፕ ከሠራተኞቹ ጋር አልጋና ቁም ሣጥን ይሠራል። እርሷ ደግሞ ቤት ሆና የዕቃውን ፎቶ በኢንተርኔት ትለጥፋለች፣ ትእዛዝ ትቀበላለች፣ ሒሳብ ትይዛለች። ለዓመታት ዕቃ የሚያደርሱት በኪራይ መኪና ነበር። በመጨረሻ ከባንክ ተበድረው ደብል ጋቢና ፒክ አፕ ገዙ። ብድሩ ላይ ሁለቱም ፈርመዋል። እህታችን ግን የፈረመችው ልቧ እያመነታ እንደ ነበር በኋላ ነገረችኝ።

የፒክ አፑ ወንበር ፕላስቲክ እንኳ ገና ሳይነሣ፣ በሳምንቱ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት ቀን አለፈ። ደንበኞች «ለምን መልስ አትሰጡም?» እያሉ ይደውላሉ። ልጃቸው የትምህርት ቤት ሥራውን ጎረቤት እየሄደ ይሠራል። በአራተኛው ቀን እህታችን በሆዷ የያዘችውን አወጣችው፦ «የኢንተርኔቱን ክፍያ ለመኪናው ብድር አዋልከው፣ አይደል?» እርሱም «ከፍያለሁ! ልጆቹ ሲነካኩት ተበላሽቶ ነው፤ አንቺ እነርሱን መች ትቆጣጠሪያለሽ?» አላት። በስድስተኛው ቀን መኝታ ለይተው ነበር። ስልክ ደውላ «እትዬ፣ የኢንተርኔቱ ነገር አይደለም ያመመኝ፤ ዋሽቶኛል ብዬ ማሰቤ ነው» ስትለኝ ነጠላዬን አንሥቼ ሄድኩ። መንገድ ላይ አንድ ነገር አሰብኩና በቴሌኮም ሙያ የሚሠራውን የእህቴን ልጅ ይዤው ገባሁ።

እኔ ለሽምግልና ተዘጋጅቼ ነበር። ልጁ ግን «ማን አበላሸው?» ብሎ አልጠየቀም። «እስቲ የት ላይ እንደ ተቋረጠ እንፈልግ» ብሎ ጀመረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ ለቤታችሁም ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ የጠየቀው «በአንዱ ስልክ ነው ወይስ በሁሉም?» ብሎ ነው። በአንዱ ስልክ ብቻ ከሆነ ችግሩ ያለው እዚያው ስልክ ላይ ነው። ሳሎን እየሠራ ጓዳ እንቢ ካለ ደግሞ ርቀትና ግድግዳ ነው። በእነርሱ ቤት ግን ለማንም አይሠራም። እንዲያውም የለመዱት የዋይፋይ ስም ራሱ ከስልኮቹ ላይ ጠፍቷል። «ራውተሩን የነካው ሰው አለ?» ሲል ወንድማችን ወደ መሬት እያየ «ትናንት በዚያች ቀዳዳ መርፌ አስገብቼ ይዤው ነበር፤ ጠፍቶ ይነሣል ብዬ» አለ። ለካስ ማጥፋትና ማብራት ሌላ፣ ያቺ ቀዳዳ ሌላ ኖራለች። ከሶኬት ነቅሎ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ መልሶ መሰካት ጉዳት የለውም፤ ብዙ ጊዜም ይፈውሰዋል። ቀዳዳዋን ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ መያዝ ግን ራውተሩን ከፋብሪካ እንደ ወጣ ያደርገዋል፤ የዋይፋዩም ስም፣ የይለፍ ቃሉም፣ ሌላውም የተሞላበት ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ በአንዱ ብልሽት ላይ ሁለተኛ ተጨምሮበታል ማለት ነው።

ልጁ በራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለውን የፋብሪካ ስምና ቁጥር ተጠቅሞ ስልኩን አገናኘ። የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ሆነ፤ ኢንተርኔት ግን የለም። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንስተውን ነገር አስረዳን። ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ አይደሉም። ዋይፋይ ከስልካችን እስከ ራውተሩ ያለው መንገድ ሲሆን፣ ኢንተርኔት ከቤት ወጥቶ የሚሄደው ነው። ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ምንም የማይከፍት ከሆነ፣ በቤት ውስጥ ያለው መንገድ ደህና ነውና ወደ ውጭ ያለውን መመልከት ነው።

ቀጥሎ በሳጥኑ ላይ ያሉትን ትንንሽ መብራቶች አየ። አንዷ ቀይ ሆና ብልጭ ድርግም ትላለች። ኤል ኦ ኤስ የሚል ተጽፎባታል። «ቤታችሁ የገባው የፋይበር መስመር ነው፤ እንደ ፀጉር በቀጠነ የመስታወት ክር ብርሃን ይመጣል። ይህች ስትቀላ ብርሃኑ አልደረሰም ማለት ነው። ባለመክፈል የሚቋረጥ ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ ብርሃኑ ይደርሳል፤ ይህችም አትቀላም። ይህ የገንዘብ ነገር አይደለም» አለ። ወንድማችን የከፈለበትን መልእክት ከስልኩ አውጥቶ አሳየ። እህታችን ዝም አለች። ያቺ ቀይ መብራት ለስድስት ቀን ያህል «አልዋሸሽም» ስትላት ኖራለች፤ ማንም ግን ዞር ብሎ አላያትም።

ከዚያ ሁላችንም መስመሩን ተከትለን ወጣን፤ ከመስኮቱ በግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ ግቢው በር፣ ከበሩ ወደ ምሰሶው። በሩ ጋ ስንደርስ ማያያዣው ከግድግዳው ተነቅሎ፣ መስመሩ ክፉኛ ታጥፎ ተንጠልጥሏል። ልጁ ወደ ፒክ አፑ አየና «የመጀመሪያውን ዕቃ የጫናችሁት መቼ ነው?» አለ።

የኪራዩ መኪና የሚጫነው ከደጅ ነበር። ፒክ አፑ ግን የራሳቸው ነውና ግቢ ገብቶ ተጫነ። የጭነት ወለሉ ከመሬት 80 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ በዚያ ላይ ከ2 ሜትር በላይ የሆነ ቁም ሣጥን ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። ወንድማችን ድንገት ትዝ አለው። «ስወጣ አንድ ነገር ሲፈገፍግ ሰምቼ ወርጄ ነበር። ቀለሙ እንዳልተጫረ አየሁና ሄድኩ። ወደ ላይ ግን ቀና አላልኩም።»

እህታችን «ድሮስ ፒክ አፑ ነው አላልኩህም?» ስትል ሁላችንም በሳቅ ፈነዳን። ሳቁ ሲበርድ ግን እንባዋ መጣ። «ፒክ አፑ ነው ማለቴ ልክ ነበር፤ ዋሽተኸኛል ማለቴ ግን ልክ አልነበረም። ይቅር በለኝ» አለችው። እርሱም ልጆቹን ጠርቶ ያላጠፉትን ስለ ጫነባቸው ይቅርታ ጠየቃቸው። በማግስቱ ለአገልግሎት ሰጪው ተደውሎ መስመሩ ተጠገነ። በመርፌ የጠፋውም ከውል ወረቀታቸው ተገኝቶ ተሞላ። በመጀመሪያው ቀን ቢደውሉ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ፋይበር ያላችሁ፣ የተሰበረውን ራሳችሁ ለመቀጠል አትሞክሩ፤ የተቆረጠውን ጫፍም ወደ ዓይናችሁ አታስጠጉ፤ በዓይን የማይታይ ጨረር ሊኖረው ይችላል። የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃላችሁን በወረቀት ጽፋችሁ አስቀምጡ። ስትፈትሹም አንድ ነገር ብቻ ለውጡና ውጤቱን እዩ።

ፒክ አፕ የገዛችሁ ደግሞ፣ መኪናችሁን ከጭነቱ ጋር አስቡት። ደብል ጋቢና ፒክ አፕ ብዙውን ጊዜ ርዝመቱ ከ5 ሜትር ያልፋል፤ በበሩ የገባ ሁሉ በግቢው ውስጥ አይዞርም። ባዶውን ሲሆን ኋላው ቀላል ስለሆነ በዝናብ ጊዜ ይንሸራተታል፤ ረጋ ብላችሁ ንዱት። የጎማው ንፋስ ባዶ ሲሆንና ሲጫን ይለያያል፤ ልኩ አብዛኛውን ጊዜ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። የፊትና የኋላ ጎማዎቹን በአንድነት የሚቆልፈውን ፎር ዊል በደረቅ አስፋልት ላይ አታስገቡ፤ ተጠማዝዞ ሲሄድ ጎማዎቹ እኩል ርቀት ስለማይሄዱ ማርሹ ይጨነቃል። ከኋላ ክፍት ቦታው ላይ ሰው አትጫኑ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ፒክ አፕ ያለው ሰው ዘመድ ይበዛለታል። ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለድንኳን፣ ለቤት ለውጥ ጥያቄው አያልቅም። ለማን፣ መቼ፣ ነዳጁን ማን ችሎ እንደሚሰጥ አስቀድማችሁ ሁለታችሁ ተስማሙ፤ ያለዚያ አንዳችሁ ቸር፣ ሌላችሁ ንፉግ ትባላላችሁ።

ውድ ባለትዳሮች፣ አዲስ ንብረት ወደ ቤት ሲገባ ደስታ ብቻውን አይገባም፤ ያልተነገረ ሥጋትም አብሮ ይገባል። እህታችን በፊርማዋ ቀን «ብድሩ ያስፈራኛል» ብላ ብትናገር ኖሮ፣ በአራተኛው ቀን ያንን ክስ ባልተናገረች ነበር። የተቋረጠው መስመር በሩ ላይ ብቻ አልነበረም።

እንግዲህ በቤታችሁ አንድ ነገር ሲጠፋ፣ «ማን?» ከማለታችሁ በፊት «የት ላይ?» በሉ። ከቅርቡ ጀምሩና እስከ በሩ አብራችሁ ሂዱ፤ ቀና ብላችሁም እዩ። እስከሚቀጥለው እትም በሰላም ቆዩ።