ባትሪ የሌለው ታግ አያስታውስም

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የንድፍ ሐሳቡን በውስጥ መስመር ላከልኝ። ባትሪ የሌለው የአርኤፍአይዲ ታግ ነው። የክትባት ካርቶን ላይ ይለጠፋል፣ በ10 ሜትር ርቀት ይነበባል፣ ሙቀት ይለካል፣ መንገድ ላይ የነበረውን ሙቀትም መዝግቦ ያስቀምጣል። «እንዴት ነው መምህር?» ይላል።

ጎበዝ ልጅ ነው። ግን ደሞዙን ሳያውቅ ቤት የተከራየ ሰው መሰለኝ።

እስቲ አብረን እናስላ። በ915 ሜጋኸርዝ የሚሠራ አንባቢ፣ የአንቴናው ጉልበት ተደምሮ 4 ዋት ቢልክ፣ 10 ሜትር ላይ ያለ ተራ ዳይፖል አንቴና የሚያገኘው ወደ 45 ማይክሮዋት ነው። ያውም መሀል ላይ ምንም ሳይጋርደው! ወደ ቀጥታ ኤሌክትሪክ ሲቀየር ደግሞ አብዛኛው ይባክናል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ሩብ ይሆናል። ታጉ መልስ የሚሰጠውም የራሱን ሞገድ አመንጭቶ አይደለም፤ የመጣለትን እያንጸባረቀና እየተወ ነው፣ በመስታወት የፀሐይ ብርሃን እያብለጨለጩ ምልክት እንደመስጠት።

ስለዚህ ንድፍ ከምኞት ዝርዝር አይጀመርም። መጀመሪያ የሚገባው ኃይል ይቆጠራል፣ ከዚያ ሥራው ይመደባል። ቮልቴጁን በግማሽ ብትቀንሱ ለመቀያየር የሚጠፋው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ማይክሮዋት የሚገኘው እንዲህ ተቆጥቦ ነው።

ሙቀት መለካቱስ ይሁን፣ ቀረብ ብሎ ከተነበበ ይቻላል። የመንገዱን ታሪክ መመዝገብ ግን አይሆንም። አንባቢ በሌለበት ታጉ በድን ነው። መኪናው በረሃ ላይ ተበላሽቶ ቢውል ምንም አያውቅም። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት የነበረበት ክትባት ሞቆ ከተበላሸ በኋላ ተመልሶ ማቀዝቀዣ ቢገባ፣ ታጉ ሲጠየቅ «5 ዲግሪ» ይላል። አልዋሸም እኮ! የሚጎዳው ግን ተከትቤያለሁ ብላ ልጇን ይዛ ወደ ቤቷ የምትመለሰው እናት ናት።

የሚገርመው፣ ያለ ባትሪ የሚያስታውስ ነገር አለ። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፖሊዮ ክትባት ጠርሙስ ላይ የሚለጠፈው፣ በሙቀት ቀለሙ እየጠቆረ የሚሄድና ወደ ኋላ የማይመለስ ምልክት ነው። ጤና ጣቢያ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ። ቺፕ የለውም፣ የሞቀበትን ግን አይረሳም።

ለልጁ የመለስኩለት ይህንኑ ነው፦ ታግህ «እኔ ማን ነኝ» የሚለውን ይናገር፤ «ምን ደረሰብኝ» የሚለውን ለቀለሙ ወይም ባትሪ ላለው መመዝገቢያ ተውለት። የማይችለውን ቃል የማይገባ ዕቃ መሥራት ዝቅ ያለ ሥራ አይደለም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?