የ99 ፔንስ ዕቃ፣ የ12 ፓውንድ መላኪያ

ዛሬ የምንጨዋወተው አንዲት አያት ከለንደን በላኩልን ደብዳቤ ላይ ነው። እኚህ እናት ሴት ልጃቸውን ሊያርሱ የአጥሚቱን እህል ቋጥረው ከሄዱ ሁለተኛ ወራቸውን ይዘዋል። እንዲህ ይላሉ፦

“ልጄ ሕፃኑ ሲተኛላት ስልኳን ይዛ ኢንተርኔት ላይ ጨረታ ትገባለች። በቀደም ለልጁ የእንጨት መጫወቻ በ99 ፔንስ አሸነፍኩ ብላ በደስታ ነገረችኝ። ከፍላ ስትጨርስ ግን ሒሳቡ 12 ፓውንድ ከ99 ፔንስ ሆነ። ‘12ቱ ፓውንድ የመላኪያና የማሸጊያ ነው’ አለችኝ። ዕቃው ሲደርስ ፖስታ ቤቱ የለጠፈበት ዋጋ 4 ፓውንድ ብቻ ነው። ካርቶኑም አሮጌ የብስኩት ካርቶን ነው። ‘ይኼ ሌብነት አይደለም ወይ?’ ብላት፣ ‘እማዬ፣ ተጽፎ አይቼ ነው የገባሁት፤ ምኑ ነው ሌብነቱ?’ ብላ ሳቀችብኝ። እስቲ እናንተ ፍረዱን።”

ልጆቻችን በውጭ አገር፣ እኛም እዚሁ በስልክ መግዛት ከጀመርን ቆይተናልና ጥያቄው የብዙ ቤት ጥያቄ ነው። ከፍርዱ በፊት ግን ጨረታው እንዴት እንደሚሠራ እንይ።

የኢንተርኔት ጨረታን በዓለም ያስለመደው ኢቤይ ነው። ፒየር ኦሚድያር የተባለ ሰው በ1995 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ የጀመረው ሲሆን፣ መጀመሪያ የተሸጠው ዕቃ በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም የሄደ የተበላሸ የሌዘር መጠቆሚያ እንደነበር ይነገርለታል። እንዲህ ባለው ጨረታ ሻጩ ሁለት ዋጋ ይጽፋል። አንዱ የዕቃው መነሻ ዋጋ ሲሆን ሌላው የመላኪያና የማሸጊያ ነው። ተጫራቾች የሚያንሩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ሻጩ እንደቆረጠው ይቀራል። ዓይናችን ከፍ ዝቅ የሚለውን ዋጋ ሲከተል፣ ያልተንቀሳቀሰውን ይረሳዋል።

ሻጮች ይህን ቶሎ ነበር የደረሱበት። ኢቤይ ለብዙ ዓመታት ኮሚሽኑን የሚቆርጠው ዕቃው ከተሸጠበት ዋጋ ላይ ብቻ ነበር። ስለዚህ ዕቃውን በ1 ሸጦ መላኪያውን 12 ያደረገ ሰው፣ ኮሚሽን የሚከፍለው ለ1ዱ ብቻ ሆነ። ድርጅቱ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ገዢዎች ለመላኪያው ዋጋ ለብቻው ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ እንዲሰጡ አደረገ። በ2011 ደግሞ በአሜሪካ ኮሚሽኑን መላኪያውንም ጨምሮ ማስላት ጀመረ።

ኮሚሽን የማምለጡ መንገድ ቢጠብም ሌላው ምክንያት አለ፤ እሱም የእኛ የገዢዎች ዓይን ነው። ታንጂም ሆሴንና ጆን ሞርጋን የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ይህንኑ ኢቤይ ላይ ፈትነው ውጤቱን በ2006 አሳትመዋል። አንድ ዓይነት የሙዚቃ ሲዲዎችንና የኮምፒውተር ጨዋታዎችን በሁለት መንገድ ለጨረታ አቀረቡ። በአንደኛው መነሻ ዋጋው 4 ዶላር፣ መላኪያው በነጻ ነው። በሁለተኛው መነሻው 1 ሳንቲም፣ መላኪያው 3 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነው። ድምሩ አንድ ነው። ሆኖም ብዙ ተጫራች የሳበውና ለሻጩ የበለጠ ገንዘብ ያስገባው ሁለተኛው ሆኖ ተገኘ። ድምሩ ከሲዲው የሱቅ ዋጋ ግማሽ ሲያልፍ ግን ብልጫው ጠፋ። ገዢው የሚታለለው ዕቃው በጣም ርካሽ መስሎ ሲታየው ነው ማለት ነው።

አሁን ደግሞ የሻጩን ወገን እንስማ፤ ፍርድ አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ አይሆንምና። ፖስታ ቤቱ የለጠፈው ዋጋ የሻጩ ወጪ በሙሉ አይደለም። ካርቶን፣ አየር የተሞላ ፕላስቲክ፣ ፕላስተርና የአድራሻ ወረቀት አለ፤ ፖስታ ቤት ድረስ መሄድና ወረፋ መጠበቅም አለ። ዕቃው የት እንደደረሰ የሚያሳይ መከታተያ ቁጥርና ለጠፋ ዕቃ የሚከፍል ዋስትና የሚፈልግ ሰውም በተጨማሪ ይከፍላል።

መጠንም ዋጋ አለው። በብሪታንያ በሮያል ሜይል ደንብ መሠረት በ“ትልቅ ደብዳቤ” ዋጋ የሚላክ ዕቃ ውፍረቱ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ከ750 ግራም መብለጥ የለበትም። ጥቂት ሚሊ ሜትር ያለፈ የልጆች መጽሐፍ እንደ ጥቅል ይቆጠርና ዋጋው ይጨምራል። ወደ ውጭ አገር በሚልኩ ፈጣን መልእክት ድርጅቶች ዘንድ ደግሞ ዕቃው ከሚመዝነው ሌላ የያዘው ቦታም ይሰላል። የተለመደው ስሌት የካርቶኑን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር አባዝቶ ለ5000 ማካፈል ነው። ከትክክለኛው ክብደት የሚበልጥ ከሆነ የሚያስከፍሉት በዚህ ነው።

አንድ የሸክላ ጀበና እናስብ። ራሱ 1 ኪሎ ተኩል ቢመዝን ነው። እንዳይሰበር ግን በሚገባ ተጠቅልሎ ሰፋ ባለ ካርቶን መግባት አለበት። ካርቶኑ 30 በ30 በ40 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ስሌቱ 7.2 ኪሎ ይሰጣል። ላኪው የሚከፍለው ለ7.2 ኪሎ ነው። ተቀባዩ ጀበናውን ብቻ አይቶ “ዘረፈኝ” ቢል ሻጩን ይበድለዋል። በመላኪያ ላይ የሚሰስት ሻጭ ደግሞ ጀበናውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ስባሪ ይልክልዎታል።

እንግዲህ ወደ ፍርዱ እንምጣ። እናታችን፣ ሌብነት ነው ለማለት ይከብዳል። ዋጋው ቀድሞ ተጽፎ ነበር፤ ልጅዎ አንብባ፣ ተስማምታ ገብታለች። በዚህ እሷ ልክ ናት። ፍትሐዊ ነው ወይ ከተባለ ግን አይደለም፤ በዚህ ደግሞ እርስዎ ልክ ነዎት። ፖስታው 4 ፓውንድ ነው፤ ለማሸጊያውና ለድካሙ 2 ፓውንድ እንጨምርለት። የቀረው 6 ፓውንድ የመላኪያ ሊሆን አይችልም። ስሙን የለወጠ የመጫወቻው ዋጋ ነው።

“ድምሩ አንድ ከሆነ ስሙ ምን አገባን?” የሚል አይጠፋም። በሦስት ምክንያት ያገባናል። አንደኛ፣ ዕቃ ስናነጻጽር ያሳስተናል። ሁለተኛ፣ ዕቃውን የመመለስ ነገር ሲመጣ አንዳንዱ ሻጭ “የዕቃውን 99 ፔንስ ልመልስ፣ መላኪያው ግን ወጪ ሆኗል” ይላል። በብሪታንያና በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሕግ፣ ከነጋዴ በኢንተርኔት የገዛ ሰው ዕቃው በደረሰው በ14 ቀን ውስጥ ሐሳቡን ከቀየረ፣ ከጥቂት የዕቃ ዓይነቶች በቀር፣ መደበኛው የመላኪያ ዋጋም ይመለስለታል። የመመለሻውን ወጪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይችላል። ይህ መብት የቤቱን አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥ ግለሰብ ለገዛ አይሠራም።

ሦስተኛውና ትልቁ ምክንያት ሐቀኛው ሻጭ ነው። ያንኑ መጫወቻ “ዕቃው 6፣ መላኪያው 5” ብሎ በግልጽ የጻፈች ሌላ እናት አለች እንበል። ድምሯ 11 ፓውንድ ነው፤ ከ12 ፓውንድ ከ99 ያነሰ ነው። ነገር ግን በ99 ፔንሱ ጎን 6 ፓውንዷ ውድ መስሎ ይታያል፤ ገዢው አልፏት ይሄዳል። በሚቀጥለው ጊዜ እሷም 99 ፔንስ ብላ መጻፍ ትጀምራለች። እኛ ድምሩን ሳናይ በገዛን ቁጥር ግልጽነቷን እየቀጣን ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ ከብብት የሚወድቀው ደግሞ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን መተማመንም ነው።

ስለዚህ ለገዢዎች የምንመክረው ይህ ነው። ጨረታ ከመግባታችሁ በፊት “ይህ ዕቃ ደጄ ድረስ ቢመጣ ስንት ብከፍል አይቆጨኝም?” ብላችሁ ቁረጡ። 10 ፓውንድ ካላችሁና መላኪያው 4 ከሆነ፣ የምትሰጡት ከፍተኛ ዋጋ 6 ነው። ኢቤይ ላይ ከፍተኛውን ዋጋችሁን አንዴ ስታስገቡ፣ ሌላው ተጫራች በጨመረ ቁጥር ድርጅቱ ራሱ እስከዚያ ድረስ ደረጃ በደረጃ ስለሚያነሳላችሁ፣ በሌሊት በእልህ መጨመር አያስፈልግም። ከአንድ ሻጭ ሁለት ሦስት ዕቃ ካሸነፋችሁም ከመክፈላችሁ በፊት “በአንድ ካርቶን ቢላክ መላኪያው ስንት ይሆናል?” ብላችሁ ጠይቁ። መላኪያው በዛ ብሎ ከታያችሁ ምክንያቱን በትሕትና ጠይቁ። በቂ ምክንያት ያለው ሻጭ ያስረዳችኋል።

የምትሸጡ ደግሞ ማስታወቂያውን ከመጻፋችሁ በፊት ዕቃውን አሽጉት፤ መዝኑት፤ ለኩት። ለካርቶንና ለፕላስተር ያወጣችሁትን መጨመር ነውር የለበትም። መለኪያው አንድ ነው፦ ገዢው “ይህ መላኪያ የምንና የምን ነው?” ቢላችሁ ሳታፍሩ ዘርዝራችሁ መመለስ ከቻላችሁ ዋጋው ፍትሐዊ ነው።

እዚህ አገር ቤትስ? ጨረታው ባይኖርም ነገሩ አይጠፋም። በቴሌግራም ጫማ ወይም የልጅ ልብስ “በዚህ ዋጋ” ተብሎ ይለጠፋል። ዴሊቨሪው ስንት እንደሆነ የሚነገረን ሞተረኛው ደጅ ሲደርስ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ አዝዟል። እኛም ከማዘዛችን በፊት “እቤቴ ድረስ በድምሩ ስንት?” ብለን ጠይቀን መልሱን በጽሑፍ እንያዝ።

ልጆችም ከዚህ የሚማሩት አለ። ስልክ ላይ ርካሽ ነገር አገኘሁ ብለው ሲሮጡ ወደ እናንተ ከመጡ፣ ከመከልከላችሁ በፊት ወረቀትና እርሳስ ስጧቸው። የዕቃውን ዋጋ፣ ከሥሩ መላኪያውን ይጻፉና ይደምሩ። ከዚያ “አሁንም ርካሽ ነው?” ብላችሁ ጠይቋቸው። አንዳንዴ መልሱ “አዎ” ይሆናል፤ ያን ጊዜ ግዙላቸው።

ሳምንት በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።