ጥቁሩ ቢራና የእናቴ ጠላ

ትናንት እረፍት ነበርኩ። ታክሲዋን ቤት አቁሜ የሳሙኤል ስሚዝን የአጃ ስታውት ቀመስኩ። ጠማቂው ዮርክሻየር ውስጥ ታድካስተር የሚባል ከተማ ነው ያለው፤ እንደ ፈረንጅ ከ1758 ጀምሮ። አልኮሉ 5 በመቶ ነው።

መልኩ የጀበና ቡና ነው። መጀመሪያ ጣፈጥ ይላል፣ አጃው ያለሰልሰዋል፣ መጨረሻ ላይ የተቆላ ገብስ ምሬት ይተዋል። ከፍሪጅ አውጥታችሁ ትንሽ አቆዩት፤ በጣም ከቀዘቀዘ ጣዕሙ ይደበቃል። ከ10 ስምንት ሰጥቼዋለሁ።

ሁለተኛውን ስጎነጭ ግን እናቴ ትዝ አለችኝ። እሷም ገብስ ቆልታ፣ አሻሮውን አስፈጭታ፣ ብቅልና ጌሾ ጨምራ ነበር የምትጠምቀው። እንግሊዝ በጌሾ ፈንታ ሆፕ ይጨምራል እንጂ መራራውም ጥቁረቱም ዘመድ ነው። እኔ ግን ጓደኞቼ ሲመጡ «ጠላውን ደብቂው፣ ቢራ እንግዛ» እላት ነበር። ዛሬ ለዚያው ለተቆላ ገብስ ፓውንድ እከፍላለሁ።

እኔ የምለው፣ ስታውቱ ጥሩ ነው፣ ጠጡት። ጠላን «ኋላ ቀር» ማለቱን ግን እንተው። እናታችሁ በሕይወት ካለች ዛሬውኑ ደውላችሁ አጠማመቁን ጠይቋት፣ ጻፉት። እኔ ሳልጠይቃት አመለጠችኝ።

ደግሞ መሪ የሚይዝ አይቅመስ!