«እርማት» ሌላ፣ «አንድም» ሌላ

በሰው ጽሑፍ ላይ ከሚሠሩ በደሎች ሁሉ ስውሩ ምርጫን በእርማት ስም ማቅረብ ነው። አንዱ «ይህ ስህተት ነው» በሚልበት ምልክት ሌላው «እኔ ብሆን እንዲህ እለው ነበር» ካለበት፣ ጸሐፊው የትኛውን መታዘዝ፣ የትኛውን አመስግኖ ማለፍ እንዳለበት አይለይም። ዛሬ ግጥምና ወግ በጋራ የምናርምባቸው የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ይህን በደል ልማድ አድርገውታል።

ጉግል ዶክስን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2014 ያመጣው የማረሚያ ስልት መልካም ነገር ነበረው። አራሚው የጨመረው በቀለም ይለያል፤ የሰረዘው መስመር ተሰምሮበት ይቆያል፤ ባለቤቱ የራይት ምልክቱን ከነካ ይጸድቃል፣ የኤክስ ምልክቱን ከነካ ይቀራል። ይህን አልነቅፍም። የምነቅፈው የተሳሳተ ዓመተ ምሕረትን የሚያቃናውና አንዱን ዘይቤ በሌላ የሚተካው ሐሳብ በአንድ ዓይነት ሣጥን፣ በአንድ ዓይነት ራይት መቅረባቸውን ነው። ቀለሙ የሚለየው አራሚዎቹን እንጂ ጉዳዩን አይደለም። በዚያ ላይ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማጽደቂያ አለ። ሠላሳ የፊደል ግድፈት የተቃናለት ጸሐፊ ሠላሳ አንደኛውን ሳያነብ ያጸድቀዋል፤ ሠላሳ አንደኛው ግን የስንኙ ነፍስ ሊሆን ይችላል።

ልዩነቱን በምሳሌ እንየው። በአንድ መድበል መግቢያ ላይ የዐድዋ ድል «በ1896 ዓ.ም.» ተብሎ ቢጻፍ፣ የአውሮፓው ቁጥር በእኛ አቆጣጠር ስም ገብቷልና ስህተት ነው፤ 1888 ዓ.ም. ተብሎ መታረም አለበት። እዚህ ላይ የማንም ጣዕም አይጠየቅም። አሁን ደግሞ «አንቺ ስትመጪ ለእኔ ገና ነው» የሚል ስንኝ እናስብ። «ና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ ሲላላ ደግሞ ጊዜው አልደረሰም። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ደስታውና ቅሬታው በአንድ ቃል ያድራሉ። አራሚው «ግልጽ ይሁን» ብሎ «ለእኔ የገና በዓል ነው» ቢያደርገው ሰሙን አስቀርቶ ወርቁን ጥሎታል። ይህን ለውጥ ከዐድዋው እርማት እኩል ማቅረብ ፍርደ ገምድልነት ነው።

የሚገርመው፣ ማሽኑ ለራሱ ሲሆን መለየት ያውቅበታል። ማይክሮሶፍት ወርድ እ.ኤ.አ. በ1995 እትሙ የፊደል ግድፈትን በቀይ ሞገዳማ መስመር፣ በ1997 እትሙ ደግሞ ሰዋስውን በአረንጓዴ ማስመር ጀምሮ ነበር። ለራሱ ነቀፋ ሁለት ቀለም ያዘጋጀ የፕሮግራም ሥራ ለሰው ነቀፋ አንድ ምልክት ብቻ መተዉ ምን ይባላል?

የምሠራው ባንክ ቤት ነው። በቼክ ላይ በአኃዝና በፊደል የተጻፈው ገንዘብ ካልተስማማ ቼኩን እንመልሳለን። ደንበኛው ቁጠባውን ወደ ጊዜ ገደብ ተቀማጭ ቢያዛውር እንደሚሻለው ግን እንነግረዋለን እንጂ መልስ እስኪሰጥ መስኮት ላይ አናቆመውም። ሁለቱን በአንድ ድምፅ የሚናገር ሠራተኛ ወይ ደንበኛ ያስቀይማል፣ ወይ ባንኩን ዕዳ ውስጥ ይከትታል።

ሊቃውንቶቻችንም ልዩነቱን ያውቁት ነበር። ብራና ላይ ጸሐፊው የሳተው ይፋቃል፤ ይታረማል። በአንድምታ ትርጓሜ ግን ንባቡ ሳይነካ ይቀመጥና «አንድም» እየተባለ ፍቺ በፍቺ ላይ ይደረደራል። «አንድም» ያለ መምህር የፊተኛውን አልሰረዘም፤ ሌላ በር ከፈተ እንጂ። እንግዲህ ስሙን ከዚሁ እንውሰድ፦ አንዱ «እርማት»፣ ሌላው «አንድም» ይባል።

እርማት ምክንያቱን ይዞ ይቅረብ፤ መልስ እስኪያገኝም ከዓይን አይጥፋ። አንድም በኅዳግ ይቀመጥ፤ ጸሐፊው ዝም ካለው በዝምታ ይለፍ፣ ኤክስ እንዲነካለት አይጠብቅ፤ በጅምላ ማጽደቂያ ውስጥም ከቶ አይግባ። ጀማሪ ገጣሚ የታላላቆቹን ሐሳብ አንድ በአንድ «አልቀበልም» እንዲል ማስገደድ ምርጫ መስጠት አይደለም፤ ይሉኝታውን መጠቀም ነው።

«ለዚህማ የማስታወሻ መጻፊያ አለ» ይባል ይሆናል። አለ፤ ነገር ግን ምርጫውን እዚያ እንዲጽፍ አራሚውን የሚያስገድደው ነገር የለም። «ድንበሩስ የት ነው?» የሚሉም አሉ። «ሠዓሊ»ን በ«ሰአሊ» የጻፈ፣ በግእዙ ሚዛን ሥዕል የሚሥለውን ትቶ ለማኙን ጠርቷል የሚል አለ፤ ሞክሼ ፊደላትን አውቆ የሚተው ጸሐፊም አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ሩቅ አይደለም። የማስረዳት ሸክሙ የአራሚው ነው። ጸሐፊው ራሱ ከመረጠው ሥርዓት ወይም ከማይካድ እውነት ጋር የሚጋጨውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማሳየት ካልቻለ ሐሳቡ አንድም ነው።

ይህ ለጸሐፊው ማድላት እንዳይመስል። ምርጫና እርማት በተደባለቁበት ቦታ ትዕቢተኛውም መሸሸጊያ ያገኛል፤ የተሳሳተውን ዓመተ ምሕረት ሳይቀር «የአጻጻፍ ስልቴ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ሁለቱ ሲለዩ ግን ስህተት መደበቂያ ያጣል፤ ድምፅም ጠባቂ ያገኛል።

ፕሮግራሞቹ እስኪሻሻሉ መጠበቅ የለብንም። የባልንጀራችንን ግጥም ስናርም በሐሳባችን ራስ ላይ ከሁለቱ አንዱን ቃል መጻፍ ምንም ወጪ የለውም። የትኛውን እንደምንጽፍ ካላወቅን ደግሞ ቀለሙን ከማንሣታችን በፊት ስንኙን ደግመን እናንብበው።